ጣፊያ የሌለው አፈ ባላባት

ሰኞ፣ ጁን 3

ዝናብ የለም። ነፋሱ ከደቡብ። አራተኛ ክፍልን ክፍልፋይ አስተማርኩ። ግማሽና ሩብ ገና አልገባቸውም። አንዷ እጇን አወጣች፦ "መምህር፣ ከአንድ ሰው ውስጥ አንድ ነገር ቢወጣ ሰውየው ስንት ይሆናል?" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማንን እንደምትል የማያውቅ የለም።

"አንድ ይሆናል" አልኳት። "ሙሉ አንድ። ጻፊው።"

ጣፊያዬ ከወጣ ዘጠኝ ሳምንት። ለፋሲካ በጎሳ ለጎሳ የራግቢ ግጥሚያ ማናሳ በትከሻው ገጨኝ፤ እዚያው ፈረጠ። ማናሳ የእናቴ ወንድም ልጅ ነው፤ ታቫሌዬ። ታቫሌ ታቫሌውን ቢሰድብ መብቱ ነው፤ የተሰደበው ቢቆጣ ግን ነውር። ዛሬም ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠበቀኝ።

"እንዴት ዋልክ ባዶ ስልቻ?"

"ጣፊያዬን አፍርጠህ ደግሞ ትሳደባለህ?"

"ጣፊያህ ነው እንጂ ትከሻዬን የመታው! ይኸው እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። ማንም አልጠየቀኝም።"

ይህን ይበል እንጂ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ አስራ አንድ ቀን ከአልጋዬ ስር አልተነሳም።

ባለቤቴ ቫሲቲ የፀረ ባክቴሪያ እንክብሉን ቆርቆሮ በክር አድርጋ አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። መርሳቴን ታውቃለች። የነርሷ ትእዛዝ አጭር ነው፦ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም መንቀጥቀጥ፤ አንዱ ከመጣ ወዲያው መዋጥ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ። ጤና ጣቢያው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ነው፤ በሞተር ጀልባ ሃያ አምስት ደቂቃ።


ረቡዕ፣ ጁን 5

ሁለት ክትባት፤ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። ሲስተር ቶሪካ መርፌ ስትወጋ አታባብልም። ሰላሳ ዓመት ስትወጋን ኖራለች፤ እኔንም ልጆቼንም።

"እንግዲህ ሰውነቴ ያለ ዘበኛ ቀረ" አልኳት።

"ማን ነገረህ? መቅኔህ አለ። ጉበትህ አለ። አንገትህና ብብትህ ስር ያሉት እጢዎች አሉ፤ ስትቆስል ንፍፊት የሚሆኑት። ነጭ የደም ሴሎችህም አሉ። የጎደለህ አንድ ቦታ ነው።"

"የቱ?"

"ያንን እባብ መሳይ የወንዝ ዓሣ በባዶ እጅህ ይዘህ ታውቃለህ?"

"ሙልጭልጭ ነው፤ አይያዝም።"

"ታዲያ እንዴት ትይዘዋለህ?"

"እጄን አሸዋ ቀብቼ።"

"ጎበዝ። ልክ እንደሱ ሙልጭልጭ ካባ የለበሱ ባክቴሪያዎች አሉ። የሳንባ ምች የሚያመጡት፣ ማጅራት ገትር የሚያመጡት። ነጩ ሴል ሊውጣቸው ሲል ያመልጡታል። ሰውነትህ ደግሞ አሸዋ ያዘጋጅላቸዋል፤ ፀረ እንግዳ አካል የምንለው። ካባቸው ላይ ይለጠፍና መያዣ ይሆናል። ጣፊያህ ደሙ ዝግ የሚልበት ኩሬ ነበር። አሸዋውም በብዛት የሚሠራው፣ ዓሣውም የሚያዘው እዚያ ነው።"

"አሁንስ?"

"አሁን ወንዙ እንዲያ ረጋ አይልልህም። ስለዚህ አሸዋውን አስቀድመን እናዘጋጃለን። ክትባቱ እሱ ነው። ግን ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንም። አንዱ ካመለጠን በሰዓታት ውስጥ ደምህን ይሞላዋል። ለዚህ ነው አንድ ሰዓት ያልኩህ። አንድ ቀን አላልኩም።"

ዋንጫ ከሰው ጋር እንዳልጋራም ነገረችኝ። ምራቅ ያስተላልፋል።

ሁለቱም ክንዴ አብጦ ቀልቷል። ቫሲቲ ደነገጠች። እኔ ደስ አለኝ። ዘበኞቼ እየተማሩ ነው። በደንብ ይማሩ።


እሁድ፣ ጁን 9

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ትልቁ አባት ኔማኒ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደኝ።

"አፈ ባላባትነቱን ለወንድምህ ልቀቅ።"

"ለምን?"

"ሆድህ ተከፍቷል። ጎድሎሃል። ባላባት በጎደለ ሰው አፍ አይናገርም።"

"የጎደለኝ ጣፊያ ነው፤ ምላስ አይደለም።"

"ለትልቅ አባትህ እንዲህ ትመልሳለህ?"

አዎ፣ መለስኩ። አያቴ ለባላባቱ አያት ተናግሯል፤ አባቴም ለአባቱ። እንግዳ ሲመጣ ባላባቱ አይናገርም፤ እኛ ነን የምንናገርለት። ይህን ከእኔ ለመውሰድ የፋሲካ ግጭት አይበቃም። ኔማኒም አይበቃም።

ግን ሁለት ሰዎች ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ... "የተቦረቦረ" አለኝ አንዱ። ነቀዝ እንደበላው ምሰሶ።


ረቡዕ፣ ጁን 12

የራሴ ዋንጫ ያስፈልገኛል ብዬ ለማናሳ ነግሬው ነበር። ከኮኮናት ቅርፊት ፍቆ አመጣልኝ። የእንቁላል ግማሽ ታክላለች።

"ለጣፊያ የለሽ ይሄ ይበዛበታል" አለ።

ከሽርጡ እጥፋት ሌላ አወጣ። ትልቅ፣ ጠቁሮ የሚያበራ፣ ከንፈሩ የለሰለሰ። አራት ቀን ሳይፍቀው አልቀረም። ላመሰግነው ስል፦ "አፍህን ዝጋ፤ በሽታህ እንዳይጋባብኝ" ብሎ ሄደ።


ቅዳሜ፣ ጁን 15

ሁለት የታሮ ጎደሬ ተከልኩ። ጎንበስ ስል ጠባሳው ይስባል። ይሳብ።


ዓርብ፣ ጁን 21

ነገ የማዶ ደሴት ሰዎች ይመጣሉ። በዓሣ ማጥመጃው ወሰን ተጣልተን ስድስት ዓመት ያንጎና፣ ከሥር የሚበጠበጠውን የክብር መጠጥ፣ አብረን አልጠጣንም። የእርቁን የዓሣ ነባሪ ጥርስ የምቀበል፣ ቃሉንም የምመልስ እኔ ነኝ። ንግግሩን ለታሮው ማሳ ሦስት ጊዜ አሰማሁት።

ጉሮሮዬ ደርቋል። ቴርሞሜትሩ 37.1 አለ። ይሄ ትኩሳት አይደለም። ለቫሲቲ አልነገርኳትም። ብነግራት ምን ትለኛለች? "እዚሁ ቅር።" ብቀር ወንድሜ ተቀምጦ ይናገራል፣ ኔማኒም "አላልኳችሁም?" ይላል።

37.1 ምንም አይደለም...


ማክሰኞ፣ ጁን 25

ጤና ጣቢያ። ግራ እጄ ላይ መርፌ ተተክሏል፤ በቀኜ እጽፋለሁ። እንደሆነው ልጻፈው። ሳልጨምር።

ቅዳሜ ከአራት ሰዓት በፊት ሁላችንም ሰሌኑ ላይ ተቀምጠናል። ባላባታችን ራቱ ኤፔሊ ከላይ፣ እኔ በቀኙ። ያንጎናው የሚበጠበጥበት ገበቴ ከታች፤ በጥባጩ ማናሳ። ከገበቴው እስከ ባላባቱ ጉልበት የሥርዓቱ ገመድ ተዘርግቷል። ገመዱ ከተዘረጋ በኋላ ገበቴው "ደረቀ" እስኪባል ማንም አይነሳም። ባላባቱ ሳይጠጣ በማንም አፍ ምንም አይገባም። ገመዱን መሻገርማ... በአያቶቻችን ጊዜ በዱላ አናት የሚያስመታ ነበር።

የእንግዶቹ አፈ ባላባት መናገር ጀመረ። ከሰባተኛ ቅድመ አያቱ ጀመረ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ብርዱ መጣ። በመጀመሪያ ትከሻዬ መሃል፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ። ሰዓቱ ፊት ለፊቴ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ቆርቆሮው ደረቴ ላይ ነው። እጄን ወደሱ ሰደድኩ፤ ኔማኒ ከጎን አየኝ፤ መለስኩት።

አራት ተኩል። ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ፤ ነክሼ ያዝኩት። ይጨርስና... አልኩ። አራተኛው ቅድመ አያት ላይ ደርሷል።

አራት ከአርባ። ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነዋል። ማናሳ ከገበቴው በላይ አየኝ። እጁ ውሃው ውስጥ ቆመ።

ያኔም ተቀምጫለሁ። ለምን? ሞትን ስላልፈራሁ አይደለም። ኔማኒን ስለፈራሁ ነው። "የጎደለ ሰው" እንዳይለኝ። ስለዚህ ሙሉ ሰው መስዬ ልሞት ነው?

አምስት ሰዓት ላይ ተነሳሁ።

ንግግሩ ተቋረጠ። ከእኔ እስከ በሩ ገመዱን ሳይሻገሩ መንገድ የለም። ተሻገርኩት። አንድ እግሬን፣ ከዚያ ሌላውን። የመቶ ሰው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማሁ። "ተቀመጥ! አንተ! ተቀመጥ!" ኔማኒ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ወደቅኩ።

ከዚያ ገበቴው ሲንኳኳ፣ የሩጫ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ትከሻ። ያው ትከሻ ነው።

"በዚህ ጣልኩህ፣ በዚሁ አነሳሁህ" አለኝ ማናሳ እየሮጠ። "ከእንግዲህ ብትነዘንዘኝ ባሕር ውስጥ ነው የምጥልህ።"

እንክብሉን ጀልባው ላይ በኮኮናት ውሃ ዋጥኩ። ሌላው ቁርጥራጭ ነው። የሞተሩ ጩኸት... የማናሳ ድምፅ፦ "እንዳትተኛ! አያትህ ዓሣ ፈሪ ነበር፤ ሰምተሃል? ሸርጣን አባሮት ዛፍ ላይ ወጥቷል! መልስልኝ እንጂ!" የአያቴን ስም ለማስመለስ ስል ነቅቼ ቆየሁ።

ሲስተር ቶሪካ በሁለቱም ክንዴ መርፌ ሰካች። ትኩሳቴ 39.8። የደም ግፊቴን ጮክ ብላ አልነገረችኝም።

"መቼ ጀመረህ?"

"አራት ከሃያ።"

"መቼ ተነሳህ?"

"አምስት።"

"አርባ ደቂቃ ምን ስትሠራ?"

"ተቀምጬ።"

መርፌውን አስተካከለች። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር።


ሐሙስ፣ ጁን 27

ትኩሳቱ ለቀቀ። ሾርባ ጠጣሁ። ካሳቫ አማረኝ።

ሲስተር ዛሬ ተናገረች፦ "ሃያ ደቂቃ ጨምረህ ቢሆን አሁን የማወራው ከቫሲቲ ጋር ነበር።"

ስለ መንቀጥቀጡ ጠየቅኳት። ድካም ይመስለኝ ነበር። አይደለም አለች። አንጎል የሰውነትን ሙቀት ከፍ ሲያደርግ ጡንቻዎች እየተንቀጠቀጡ ሙቀት ያመርታሉ፤ ሙቀቱ የባክቴሪያውን መራባት ያዘገያል፣ ነጮቹን ሴሎች ያፈጥናል። እሱ ራሱ ውጊያው ነው።

እንግዲህ አራት ከሃያ ላይ ሰውነቴ ስራውን ጀምሯል። ያለ ጣፊያ። ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ። ጠላት መግባቱን አውቆ፣ እሳት አንድዶ፣ "ተነስ" ብሎኛል። ሁሉም በየቦታው ቆሞ ነበር። ቦታውን የለቀቅኩት እኔ ብቻ ነኝ... ተቀምጬ።

ቫሲቲ ጸጉሬን እያበጠረች፦ "ዓርብ ጉሮሮህ እንደደረቀ አውቄ ነበር። ውሃ አምስት ጊዜ ጠጣህ። እስክትነግረኝ ጠበቅኩ።" አላለቀሰችም። ማበጠሪያውን ግን አጠበቀችው።


ሰኞ፣ ጁላይ 1

ቤቴ ገባሁ። በመንገድ ላይ ሰላምታው አጠረ። የአንዳንዱ ከአገጭ አላለፈም።

እንግዶቹ ያንጎናውን ሳይጨርሱ ሄደዋል። እርቁ ተንጠልጥሏል። ማናሳ ገበቴ ጥሎ በመሮጡ ከእንግዲህ እንዳይበጠብጥ ተከልክሏል። ከኔ የባሰው የእሱ ነው። እኔ ታምሜ ነበር። እሱ ጤነኛ ሆኖ ነው የጣሰው።

"ተናደድክ?" አልኩት።

"በጣም። ከገበቴው ላይ ሆኜ ነበር የቆንጆዎቹን እንግዶች ፊት የማየው።"

ኔማኒ መጣ። ሳይቀመጥ ተናገረ። "ቅዳሜ የይቅርታ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ታቀርባለህ። ትኩሳቱ አእምሮዬን አስቶኝ ነው፣ የማደርገውን አላውቅም ነበር ትላለህ። ከዚያ ወንድምህ ቦታህን ይይዛል። ነገሩ በዚህ ያልቃል።"

"አእምሮዬን አልሳትኩም።"

"ሳትክ በል። የሳተ ሰው ምሕረት ያገኛል።"

"ባልልስ?"

"እንግዲያ ከደንቡ በላይ ሆንክ ማለት ነው።"


ረቡዕ፣ ጁላይ 3

"ሳትኩ" ብል ምሕረት የማገኘው እኔ ብቻ ነኝ። ማናሳ አልሳተም። እሱ ምን ይላል? ቀጥሎ የሚታመመውስ? አውቆ የተነሳ ጥፋተኛ ነው ብዬ ፈርሜ እንደመስጠት አይሆንም?

ጥርሱን አቀርባለሁ። የማቀርበው ግን ኔማኒ ባዘዘኝ ቃል አይደለም።

ቫሲቲን አማከርኳት። "በተነሳህበት አትዋሽ" አለች። "ሌላውን አንተ ታውቃለህ።" ሌላውን... አዎ፣ ሌላም አለ። አርባ ደቂቃው።


ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

ተንበርክኬ ገባሁ። ጥርሱን በሁለት እጄ ያዝኩ። ራቱ ኤፔሊ ከላይ፣ ሽማግሌዎቹ በግራና በቀኝ፣ ኔማኒ መጀመሪያ ላይ። ማናሳ በሩ ጋ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ።

ያልኩትን እንዳልኩት፦

"ጌታዬ፣ ይህን ጥርስ ያመጣሁት ስለመነሳቴ አይደለም። ስነሳ አእምሮዬ ሙሉ ነበር። ሰዓቱ አምስት ነበር፤ ማን በየት እንደተቀመጠ እስካሁን መቁጠር እችላለሁ። ገመድዎን አውቄ ተሻግሬያለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እሻገራለሁ።"

ኔማኒ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጠልኩ።

"ያጠፋሁት ሌላ ነው። አራት ከሃያ ላይ ሰውነቴ ተነስ ብሎኛል። አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ለምን? ከህያው አገልጋይ ይልቅ በደንብ የተቀመጠ ሬሳ ይመርጣሉ ብዬ ስላሰብኩ። እንዲህ አድርጌ አሰብኩዎት። ስድቡ ይህ ነው። የሰደብኩዎት ስነሳ አይደለም፤ ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ይቅርታ የምጠይቀው ለአርባው ደቂቃ ነው። ታቫሌዬ ማናሳ ስወድቅ አንድ ደቂቃ እንኳ አልተቀመጠም፤ ስለዚህ በዚህ ጥርስ ውስጥ የእሱ ጥፋት የለበትም።"

ባላባት በቀጥታ አይመልስም፤ የሚመልሰው በአፈ ባላባቱ ነው። አፈ ባላባቱ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ተንበርክኬ። ወንድሜ ወደ ፊት ሊል ሲቃጣው ራቱ ኤፔሊ እጁን አነሳ። በራሱ አፍ ተናገረ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ቤት በራሱ አፍ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"በቀኜ ነበር የተቀመጥከው" አለ። "ጉልበትህ ጉልበቴን ይነካ ነበር። መንቀጥቀጥህ ሰሌኑን አልፎ ወደኔ ይመጣ ነበር። ከአራት ተኩል ጀምሮ አውቄያለሁ።"

እጁን ወደ ጥርሱ ዘረጋ።

"ደንቡ ከኔ ይበልጣል ብዬ ዝም አልኩ። ደንቡን ማላላት የምችለው እኔ ብቻ መሆኔን ረሳሁ። ጥርሱን ተቀብያለሁ። የሁለታችን ነው።"

ወሰደው። ለመቀበሉ ሦስት ጊዜ ተጨበጨበ፣ በጎበጠ መዳፍ፣ ጥልቅ ድምፅ። ኔማኒ መጨረሻ ላይ አጨበጨበ። ግን አጨበጨበ።

ማናሳ ስወጣ በጆሮዬ፦ "ጥሩ ተናገርክ። ጣፊያ ለካ ንግግር ያበላሽ ነበር።"


ሐሙስ፣ ጁላይ 18

ሦስተኛው ክትባት። ክንዴ አላበጠም ማለት ይቻላል። ሲስተር "ያም ይሠራል" አለች። የልብሴን እጅጌ እንኳ ሳላወርድ አባረረችኝ፤ ሰልፉ ረጅም ነው።


ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

የማዶ ሰዎች ዳግም መጡ። ያው ቤት፣ ያው ሰሌን። ማናሳ ክልከላው ተነስቶለት ገበቴው ላይ። እኔ በቀኝ። ሰውየው አሁንም ከሰባተኛው ቅድመ አያት ጀመረ።

አምስተኛው ቅድመ አያት ላይ ጀርባዬን ብርድ ብርድ አለኝ። ሰዓቱን አላየሁም። እንክብሉን ዋጥኩ፤ ባላባቱ ገና አልጠጣም። ተነሳሁ፣ ለእንግዶቹ ጎንበስ አልኩ፣ ገመዱን ተሻገርኩ። የተናገረኝ የለም። ማናሳ ጀልባውን ሊነዳ ተነሳ፤ ወንድሜ በቦታው ተቀመጠ። ኔማኒ መንገድ እንዲለቅ ጉልበቱን ሰበሰበ።

ጤና ጣቢያ ሲስተር ቶሪካ ትኩሳቴን ለካች። 36.8። ደሜን አየች፣ ጉሮሮዬን አየች፣ ሁለት ሰዓት አስቀምጣ ደግማ ለካች። 36.7።

"ነፋስ ነው" አለች። "ጀርባህን መስኮት ሰጥተህ ተቀምጠህ ነበር?"

"አዎ።"

"ሂድ። በሚቀጥለውም እንዲሁ ና።"

ማናሳ ባሕሩ መሃል ላይ ፈነዳ፦ "ለነፋስ! ለነፋስ ነው ያን ሁሉ ቆንጆ ያስጣልከኝ? ነገ ቢያስነጥስህ ደግሞ ሄሊኮፕተር እንጥራ?"

"እንጠራለን።"

"ያፈርክ እንኳ አትመስልም!"

አላፈርኩም።

ስንገባ ማንም አልተነሳም፤ ገበቴው ሙሉ ነበር። እኔን ሲጠብቁ ሦስት ሰዓት ሙሉ አልጠጡም። የእንግዶቹ አፈ ባላባት ሰሌኑ ላይ አሸልቦ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ቦታዬ ባዶ ነው። በገመዱ ላይ አልፌ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ የራቱ ኤፔሊን ጉልበት ነካ።

ዞር ሳይል፣ በዝግታ፦ "ምን ነበር?"

"ምንም አልነበረም ጌታዬ።"

"ደግ። አሁን መልስላቸው።"

መለስኩላቸው።